ሐራራ ስንል የቱን ማለታችን ነው? ኦፒዮይድ ሲቋረጥ የሚመጣውን ሕመም ስለሚያስታግሱ መድኃኒቶች

ጠዋት ቡና ሳይፈላ የዋለበትን ቤት የሚያውቅ ሰው ሐራራን ያውቃል። እናት ራሷን በሻሽ ጠፍራ ታስራለች፣ ደጋግማ ታዛጋለች፣ በትንሽ በትልቁ ትቆጣለች። "ሐራራ ይዟት ነው" እንላለን። አንድ ስኒ ፉት ስትል ቤቱ ሰላም ይሆናል። በዚህች አንዲት ቃል ውስጥ ግን ሁለት ነገር ተጠቅልሎ አለ። አንዱ ሰውነት የለመደውን ሲያጣ የሚያሳየው ሕመም ነው፤ ራስ ምታቱ፣ ማዛጋቱ፣ ድካሙ ማለት ነው። ሌላው አምሮቱ ነው። ለቡና ከሆነ ሁለቱን ቀላቅሎ መጥራት ማንንም አይጎዳም። ስለ ሞርፊን፣ ስለ ሄሮይን ወይም ስለ ትራማዶል ስንጽፍ ግን መቀላቀሉ ሕይወት እስከማስከፈል ሊደርስ ይችላል።

እኔ ይህን የተማርኩት ተሳስቼ ነው። በዜና አጻጻፍ ኮርስ ላይ የውጭ ዜና ወደ አማርኛ እንድንመልስ አሳይመንት ተሰጥቶን ነበር። ለኔ የደረሰኝ እ.ኤ.አ. በሜይ 2018 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር (ኤፍዲኤ) ሎፌክሲዲን የተባለ መድኃኒት ማጽደቁን የሚናገር ነበር። "ኦፒዮይድ ያልሆነ የመጀመሪያው የሱስ መድኃኒት ጸደቀ" የሚል ርዕስ ሰጠሁት። አጭርና ሳቢ ነው ብዬ ኮርቼበትም ነበር። መምህራችን "የሱስ" የምትለዋን ቃል በቀይ ከብበው፣ ከጎኗ "ማን አለ?" ብለው ጽፈው መለሱልኝ። ዜናውን ደግሜ ሳነበው እውነትም ማንም አላለም። የተባለው "ኦፒዮይድ ሲቋረጥ የሚታዩ ምልክቶችን ለመቆጣጠር" ነው። እንዲያውም መሥሪያ ቤቱ መድኃኒቱ የሱሱ ሕክምና እንዳልሆነ፣ የረዥም ጊዜ ሕክምና አንድ ክፍል ብቻ ሊሆን እንደሚችል በዚያው መግለጫው ላይ በግልጽ አስፍሮ ነበር። እኔ ዘልዬው ነው።

ለመሆኑ ኦፒዮይድ ምንድን ነው? የቤተሰብ ስም ነው። ኦፒየም ከሚባለው የአበባ ተክል ወተት የሚገኙት ሞርፊንና ኮዴይን፣ ከሞርፊን የሚሠራው ሄሮይን፣ በላቦራቶሪ የሚቀመሙት ፔቲዲን፣ ሜታዶን፣ ፌንታኒልና ትራማዶል ሁሉ በዚህ ስም ይጠራሉ። በአንጎል፣ በአከርካሪና በአንጀት ውስጥ ባሉ የራሳቸው ተቀባዮች ላይ እየተቀመጡ ሕመምን ይቀንሳሉ፣ ያረጋጋሉ፣ ሆድ ያደርቃሉ፤ ሲበዙ ደግሞ ትንፋሽ ያቆማሉ። መቼስ በሕክምና ውስጥ የሚተካቸው የሌለበት ቦታ ብዙ ነው። በካንሰር የሚሰቃይን ሰው ሞርፊን መከልከል ጭካኔ ነው። ስለዚህ ነገሬ መድኃኒቶቹን ለማውገዝ አይደለም።

ችግሩ ሰውነት መልመዱ ነው። በአንጎል ግንድ ውስጥ ሎከስ ሴሩሌየስ የምትባል በጣም ትንሽ ስፍራ አለች፤ በላቲን "ሰማያዊዋ ቦታ" እንደማለት ነው። ሥራዋ ኖርአድሬናሊን የተባለውን ንጥረ ነገር ወደ ሌላው የአንጎል ክፍል እየላከች ሰውን ንቁ ማድረግ ነው። ስንደነግጥ ልባችን የሚመታው፣ ዓይናችን የሚፈጠው፣ ላብ የሚያጠምቀን የእሷም እጅ ስላለበት ነው። ኦፒዮይድ ይህችን ስፍራ ተጭኖ ዝም ያሰኛታል። አሁን በር ከውጭ የሚገፋ ሰው አስቡ። ከውጭ ያለው በየቀኑ ሲገፋ፣ ከውስጥ ያለው በሩ እንዳይከፈትበት በዚያው ልክ ጉልበት እየጨመረ ይገፋል። ከሩቅ ለሚያይ በሩ ዝም ብሎ የቆመ ይመስላል። አንድ ቀን የውጭው ሰው ድንገት ቢለቅስ? የውስጡ ተወርውሮ ይወጣል። ኦፒዮይድ በድንገት ሲቋረጥ ያቺ ስፍራ የምትሆነው እንዲህ ነው፤ ለወራት ስትገፋ የከረመችው ኃይል በአንድ ጊዜ ይለቀቃል።

ታዲያ ሰውየው ምን ይሆናል? አፍንጫው እንደ ጉንፋን ይፈሳል፣ ዓይኑ ያነባል፣ ያዛጋል፣ ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል። ቆዳው ላባው እንደተነጨ ዶሮ ይሆናል። አጥንቱ ድረስ ይቆረጥመዋል፣ ሆዱን ይቆርጠዋል፣ ያስመልሰዋል፣ ያስቀምጠዋል፤ እንቅልፍ የሚባል ነገር የለም። ለሄሮይን ይህ የሚጀምረው ከመጨረሻው መጠን በኋላ ከ8 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ሲሆን፣ ከ4 እስከ 10 ቀን ይቆያል። እንደ ሜታዶን ያሉት ቀስ ብለው የሚወጡት ደግሞ ዘግይተው ጀምረው እስከ 20 ቀን ሊሄዱ ይችላሉ። ሐኪሞች ክብደቱን የሚለኩበት 11 ጥያቄ ያለው የነጥብ ሰንጠረዥ አላቸው፤ የልብ ምት፣ የዓይን ብሌን ስፋት፣ ማዛጋት ሳይቀር ነጥብ ይሰጠዋል።

"ያሰቃያል እንጂ አይገድልም" የሚባል የቆየ አነጋገር አለ። ብዙ ጊዜ እውነት ነው፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 አዲክሽን በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች እንዳስታወሱት፣ በአሜሪካ እስር ቤቶች ውስጥ ለቀናት ሲያስመልሳቸውና ሲያስቀምጣቸው ማንም ሳያያቸው ሰውነታቸው ውኃ ጨርሶ የሞቱ እስረኞች ነበሩ። ሊድን የሚችል ሞት ነው። ውኃና ጨው የሚተካ፣ የሚከታተል ሰው ቢኖር ይተርፉ ነበር።

ሕመሙን ወደሚያስታግሱት መድኃኒቶች ስንመጣ ታሪኩ የሚጀምረው ከሱስ ጋር ምንም ግንኙነት ከሌለው ቦታ ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ቦሪንገር ኢንገልሃይም የተባለው የጀርመን ኩባንያ የታፈነ አፍንጫ የሚከፍት ጠብታ ይፈልግ ነበር። ክሎኒዲን የተባለውን አዲስ ቅመም ከሠሩ በኋላ ጉንፋን ለያዛት አንዲት የመሥሪያ ቤቱ ጸሐፊ አፍንጫ ላይ ጠብ እንዳደረጉላት ይተረካል። ሴትዮዋ ለ24 ሰዓት ያህል ተኛች፤ የደም ግፊቷም ወረደ። የአፍንጫው ነገር ቀረና ክሎኒዲን እ.ኤ.አ. በ1966 የደም ግፊት መድኃኒት ሆኖ ገበያ ላይ ዋለ። ለሱስ ሕመም የመዋሉ ነገር የመጣው ከዚያ 12 ዓመት ቆይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 በአሜሪካ የየል ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ማርክ ጎልድ፣ ዩጂን ሬድመንድና ኸርበርት ክሌበር ኦፒዮይድ ላቋረጡ ሕሙማን ክሎኒዲን ሰጥተው ምልክቶቹ እንደበረዱ ላንሴት በተባለው መጽሔት ላይ አሳተሙ። በዚያው ዓመት፣ በዚያው ዩኒቨርሲቲ ጆርጅ አጋጃኒያን የተባሉ ተመራማሪ ደግሞ በአይጦች አንጎል ላይ ያችኑ ሰማያዊ ቦታ እየለኩ ሞርፊን እንዴት እንደሚጫናት፣ ሲቋረጥ እንዴት እንደምትነሳ፣ ክሎኒዲንም እንዴት መልሶ ዝም እንደሚያሰኛት አሳዩ።

እንዴት? ያቺ ስፍራ የራሷ ፍሬን አላት፤ አልፋ-2 የሚባል ተቀባይ ነው። ክሎኒዲን የሚረግጠው ይህንን ፍሬን ነው። ወደ በሩ ምሳሌ ስንመለስ፣ ክሎኒዲን ከውጭ ሆኖ በሩን መልሶ አይገፋም። የውስጡን ሰው ትከሻውን ይዞ "ቀስ በል" ይለዋል። የኦፒዮይዱን ተቀባይ ስለማይነካ አያሰክርም፣ ትንፋሽ የማቆም ጣጣውም እንደ ኦፒዮይድ አይደለም። "ኦፒዮይድ ያልሆነ" የሚባለውም ለዚህ ነው። በአሜሪካ ክሎኒዲን ለዚህ ሥራ በይፋ ጸድቆለት አያውቅም፤ ሐኪሞች ግን በራሳቸው ውሳኔ ላለፉት ከ40 የሚበልጡ ዓመታት ሲያዙት ኖረዋል። ዋናው ጉዳቱ ከመጀመሪያ ሥራው የሚመጣ ነው። የደም ግፊት ያወርዳል፤ ሰውየው ድንገት ብድግ ሲል አዙሮት ሊወድቅ ይችላል። በድንገት ሲቆምም ግፊቱ ተመልሶ ሽቅብ ሊወጣ ስለሚችል ቀስ በቀስ ነው የሚቀነሰው።

ሎፌክሲዲን የክሎኒዲን የቅርብ ዘመድ ነው። በእንግሊዝ አገር ሐኪሞች እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምረው ሲጠቀሙበት፣ አሜሪካ የደረሰው ሉሴማይራ በሚል የንግድ ስም በ2018 ነው። ከ26 ዓመት በኋላ "አዲስ" ተብሎ ዜና መሆኑ ነው እንግዲህ። ከክሎኒዲን የሚለየው በአብዛኛው የደም ግፊትን በመጠኑ አነስ አድርጎ በማውረዱ ነው፤ ዋጋው ግን ከርካሹ ክሎኒዲን ጋር አይወዳደርም። እንቅልፍ እንቅልፍ ያሰኛል፣ ልብ ያዘገያል፣ በአንዳንድ ሰው ላይ የልብን የኤሌክትሪክ ምት ሊያዛባ ስለሚችል ጥንቃቄ ይፈልጋል። የተፈቀደው እስከ 14 ቀን ብቻ ነው። ለፈቃዱ መነሻ የሆኑት ሁለት ሙከራዎች ሲሆኑ በድምሩ 866 ሰዎች ተሳትፈዋል። መድኃኒቱን የወሰዱት ባዶ ኪኒን ከተሰጣቸው ይልቅ ምልክታቸው ቀለለ፤ ብዙዎቹም ሕክምናውን ጨረሱ። ነገር ግን በትልቁ ሙከራ ውስጥ እውነተኛውን መድኃኒት ከወሰዱት መካከል እንኳ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እስከ መጨረሻው አልቆዩም። ይህችን መረጃ ያኔ በሠራሁት ዜና ውስጥ አላስገባኋትም ነበር።

ከነዚህ ጎን ለጎን የሚሰጡ ረዳቶች አሉ፤ እያንዳንዳቸው አንድ ምልክት ይዘው ይሠራሉ። ለቁርጥማቱ ኢቡፕሮፌን ወይም ፓራሲታሞል፣ ለማስመለሱ ሜቶክሎፕራማይድ ወይም ኦንዳንሴትሮን፣ ለሆድ ቁርጠቱ ቡስኮፓን፣ ለጭንቀቱና ለእንቅልፍ ማጣቱ ሃይድሮክሲዚን ይታዘዛል፤ ለጠፋው ውኃ ደግሞ ሁላችንም የምናውቀው ኦአርኤስ አለ። ዳያዜፓምና ዘመዶቹ ራሳቸው ሱስ ስለሚያስይዙ፣ ከኦፒዮይድ ጋር ሲገናኙም ትንፋሽ ስለሚያዳክሙ በጥንቃቄ ነው የሚታዩት። ለተቅማጡ ሎፔራማይድ ይሰጣል። የሚገርመው ሎፔራማይድ በዘሩ ኦፒዮይድ ነው! በተለመደው መጠን ወደ አንጎል ስለማይገባ አንጀት ላይ ብቻ ይሠራል። አንዳንድ ሰዎች ግን ሕመሙን በቤታቸው ሊወጡት ብለው ከሚገባው እጅግ አብልጠው ሲወስዱት የልባቸው ምት ተዛብቶ የሞቱ ስለነበሩ ኤፍዲኤ እ.ኤ.አ. በ2016 ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። እኔም የየመድኃኒቱን መጠን እዚህ ላይ ያልጻፍኩት ሆን ብዬ ነው።

ውድ አንባብያን፣ አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ። እነዚህ መድኃኒቶች ይሠራሉ? ለሕመሙ አዎ። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ የኮክሬን የጥናቶች ግምገማ 1,728 ሰዎች የተሳተፉባቸውን 26 ሙከራዎች አንድ ላይ አይቶ፣ የክሎኒዲንና የሎፌክሲዲን ወገን ከባዶ ኪኒን በእርግጥ እንደሚሻል፣ ሜታዶንን በአሥር ቀን ገደማ ውስጥ እየቀነሱ ከመስጠት ጋርም ተቀራራቢ ውጤት እንዳለው ደምድሟል። ላቡን፣ መንቀጥቀጡን፣ የልብ ምቱን ያበርዳሉ። እንቅልፍ ማጣቱንና ቁርጥማቱን ያን ያህል አያነሱም። አምሮቱን ደግሞ እምብዛም አይነኩትም። ሁለቱን ሐራራ መለየት ያለብን እዚህ ላይ ነው፤ ኪኒኑ የሚያውቀው የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

"ታዲያ ሕመሙን ካለፈው ትልቁን ተራራ ወጣ አይደል?" ይባል ይሆናል። እኔም እንዲሁ ነበር የማስበው። እ.ኤ.አ. በ2003 ብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ላይ የወጣ የእንግሊዝ ጥናት ግን ሐሳቤን አስለወጠኝ። ሆስፒታል ተኝተው ከኦፒዮይድ ለመላቀቅ የታከሙ 137 ሰዎችን ተከታትለው ነበር። ከሕክምናው በኋላ ባሉት አራት ወራት ውስጥ ከመጠን በላይ ወስደው የሞቱት ሦስት ሰዎች ሲሆኑ፣ ሦስቱም ሕክምናውን በሚገባ ጨርሰው ሰውነታቸው "የጸዳ" ነበሩ። አቋርጠው ከወጡት አንድም በዚህ ምክንያት የሞተ አልነበረም። ሦስት ሰው ትንሽ ቁጥር ነው፤ ምክንያቱ ግን ግልጽ ነው። ሰውነት ለሁለት ሳምንት ሲያርፍ መልመዱን ያጣል። አምሮቱ ግን ቦታው ላይ ቁጭ ብሏል። ሰውየው አንድ ቀን ተሸንፎ የድሮውን መጠን ሲወስድ፣ ትናንት የሚያረጋጋው ዛሬ ትንፋሹን ያቆመዋል። በአሜሪካ የዋሽንግተን ግዛት ከእስር በተፈቱ ሰዎች ላይ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናትም ይህንኑ በትልቅ ቁጥር ያሳያል። በተፈቱ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ውስጥ ከመጠን በላይ አደንዛዥ ዕፅ ወስዶ የመሞት ዕድላቸው ከሌላው ነዋሪ 129 እጥፍ ነበር። እረፍቱ የተገኘው በሆስፒታል፣ በእስር ቤት፣ በጸበል ቦታ ወይም ወላጅ ክፍል ቆልፎበት መሆኑ ለሰውነት ልዩነት የለውም።

ስለዚህ ያቺ ርዕሴ ጥፋቷ የቃላት ብቻ አልነበረም። "የሱስ መድኃኒት ተገኘ" ብሎ ያነበበ አባት ልጁን 14 ቀን አሳክሞ "ድኗል" ብሎ ወደ ቤት ይወስደዋል። አደገኛው ጊዜ የሚጀምረው ደግሞ ያን ቀን ነው።

ለሱሱ ለራሱ የተሻለ ማስረጃ ያላቸው ሜታዶንና ቡፕሬኖርፊን ናቸው። ሁለቱም ኦፒዮይድ ናቸው፤ ሰውም "ሱስን በሱስ መለወጥ" ብሎ የሚሸሻቸው ለዚህ ነው። ነገር ግን በሐኪም ክትትል፣ በተመዘነ መጠን፣ ለረዥም ጊዜ ሲሰጡ ሕመሙንም አምሮቱንም ይይዛሉ፤ ሞትንም በእጅጉ እንደሚቀንሱ በብዙ አገር ታይቷል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2005 መሠረታዊ መድኃኒቶች ብሎ መዝግቧቸዋል። ኦፒዮይድ ያልሆኑት ቦታ የላቸውም ማለቴ ግን አይደለም። ናልትሬክሶን የሚባል የኦፒዮይድን ተቀባይ የሚዘጋ መድኃኒት አለ፤ እሱን ለመጀመር ከ7 እስከ 10 ቀን ከኦፒዮይድ ነጻ መሆን ግድ ይላል። ያንን ድልድይ የሚያሻግሩት እነክሎኒዲን ናቸው። ሜታዶን በማይገኝበት ቦታ፣ ወይም ለቀዶ ጥገና ሕመም ኦፒዮይድ ሲወስድ ቆይቶ አሁን ማቆም ለሚፈልግ፣ አምሮት ለሌለበት ሕመምተኛም ይጠቅማሉ።

ነገሩ ደግሞ ቆሞ አይጠብቅም። በአሜሪካዋ ፊላደልፊያ ከተማ እ.ኤ.አ. ከ2024 መጨረሻ ወዲህ ሐኪሞች እንግዳ ሕመም ገጥሟቸዋል። በድብቅ የሚሸጠው ፌንታኒል ውስጥ ሜዴቶሚዲን የተባለ የእንስሳት ማደንዘዣ ይቀላቀልበት ጀመር። ሜዴቶሚዲን የእነክሎኒዲን ወገን ነው፤ ያንኑ ፍሬን የሚረግጥ። የለመዱት ሰዎች ሲያቋርጡ የደም ግፊታቸው ይተኮሳል፣ ልባቸው ይጋልባል፣ ማስመለሱ አይቆምም፤ ለኦፒዮይድ የተለመደው ሕክምና ብቻውን አልበቃ ብሎ ጽኑ ሕሙማን ክፍል የገቡ ብዙ ናቸው። ፍሬኑ ራሱ ሲለመድ፣ ሲለቀቅ የሚያመጣው ሌላ ሕመም መሆኑ ነው።

ወደ እኛ አገር ስንመለስ፣ ከዚህ ቤተሰብ ውስጥ ስሙ በብዙ ሰው አፍ የሚገባው ትራማዶል ነው። "ጠንከር ያለ የሕመም ማስታገሻ" እየተባለ ስለሚታወቅ ኦፒዮይድ መሆኑን ሲሰሙ የሚደነግጡ የክፍል ጓደኞች አሉኝ። ትራማዶል አንድ ተጨማሪ ጠባይ አለው፤ ከኦፒዮይድነቱ ሌላ የአንጎልን ሴሮቶኒንና ኖርአድሬናሊን ይነካል። በመሆኑም ሲቋረጥ ከተለመደው ላብና ቁርጥማት በተጨማሪ በአንዳንድ ሰው ላይ ድንገተኛ ከባድ ፍርሃት፣ ግራ መጋባት፣ የሌለ ነገር ማየት ሊመጣ ይችላል፤ ለዚህኛው ደግሞ ክሎኒዲን መልስ የለውም። አብዝተው ለሚወስዱትም የሚጥል ሕመም ዓይነት መንቀጥቀጥ ሊያስከትል ይችላል። ስለዚህ ሳምንታት ወይም ወራት የወሰደ ሰው በአንድ ጠዋት ወርውሮት ወደ ጓደኛው የደም ግፊት ኪኒን መሄድ የለበትም። ሐኪም መጠኑን ደረጃ በደረጃ ያወርድለታል፤ ምልክቱ ሲጠነክርም እዚያው ደረጃ ላይ ያቆየዋል። ለጫትና ለአልኮል ሐራራ ደግሞ ከላይ የዘረዘርኳቸው መድኃኒቶች የተሠሩ አይደሉም። በተለይ የአልኮሉ በሚጥል መንቀጥቀጥ ሊገድል የሚችል፣ የራሱ መድኃኒትና የራሱ ክትትል ያለው ሌላ ሕመም ነው።

አሳይመንቱን ደግሜ ስሠራ ርዕሱን "ኦፒዮይድ ሲቋረጥ የሚመጣውን ሕመም የሚያስታግስ፣ ለሱሱ ሕክምና ያልሆነ መድኃኒት ጸደቀ" አልኩት። መምህራችን "ለአንድ ዓምድ ይረዝማል" ብለው ግማሽ ነጥብ ቀንሰውልኛል።